የኦይለር እኩልታዎች አንድ ነገ አላቸው ወይስ ብዙ?

ክቡራትና ክቡራን፣ የሒሳብና የምህንድስና ተማሪዎች፣ መምህራን፣ ለዚህ ንግግር ጊዜያችሁን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። የማነሣው ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊነገር ይችላል። የአንድ ጋዝ እፍግታ፣ ፍጥነትና ግፊት በዚህች ቅጽበት በየነጥቡ ምን ያህል እንደሆነ አሟልተን ብናውቅ፣ እኩልታዎቹ ቀጥሎ የሚሆነውን አንድና አንድ ብቻ አድርገው ይነግሩናል ወይ?

ሊዮናርድ ኦይለር እነዚህን እኩልታዎች በበርሊን አካዳሚ መጽሔት ያሳተማቸው በ1757 ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ከዚያ ወዲህ የአውሮፕላን ክንፍና የሮኬት አፍንጫ በእነርሱ ተነድፏል፤ የከዋክብት ፍንዳታ በእነርሱ ተሰልቷል። ለጥያቄው ግን ዛሬም የተሟላ መልስ የለም። ይባስ ብሎ፣ ባለፉት ሃያ ዓመታት ገደማ የተገኙ ውጤቶች ለረጅም ጊዜ የተማመንንበትን መልስ አናግተውታል። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፤ ጉድለቱን የማየው «መፍትሔ» ብለን ለምንቀበለው ነገር ባስቀመጥነው መመዘኛ ላይ ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ለማሳየት እሞክራለሁ።

እኩልታዎቹ የጥበቃ ሕጎች ናቸው። መጠነ ቁስ አይጠፋም፤ ሞመንተም፣ ማለትም መጠነ ቁስ በፍጥነት ሲባዛ የሚገኘው፣ የሚለወጠው በግፊት ልዩነት ነው፤ ኢነርጂ ከቦታ ወደ ቦታ ይሄዳል እንጂ ከምንም አይፈጠርም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የኦይለር ናቸው፤ ሦስተኛው ዛሬ በምናውቀው መልኩ የተጨመረው ቴርሞዳይናሚክስ ከዳበረ በኋላ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በእነዚህ ላይ ግፊት ከእፍግታና ከሙቀት ጋር የሚዛመድበት አንድ ሕግ ይታከላል። ሆን ተብሎ የተተወ ነገርም አለ። የጋዙ ንብርብሮች እርስ በርስ ሲሻሹ የሚፈጠረው ሰበቃ፣ ማለትም ዝልግልግነት፣ እንዲሁም በሞለኪውሎች ግጭት ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ የሚተላለፈው ሙቀት በእኩልታዎቹ ውስጥ የሉም። በአየር ውስጥ ሁለቱም እጅግ ትንሽ ስለሆኑ መተዋቸው ምንም የሚጎዳ አይመስልም። ይህችን የተተወች ነገር አስታውሷት፤ ደጋግማ ትመለሳለች።

ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ዣክ አዳማር ከ1902 ጀምሮ ባዳበረው ሐሳብ መሠረት፣ አንድ ጥያቄ በወጉ የቀረበ ነው የሚባለው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው። መፍትሔ መኖር አለበት። መፍትሔው አንድ ብቻ መሆን አለበት። መነሻው በጥቂቱ ሲለወጥ መፍትሔውም በጥቂቱ ብቻ መለወጥ አለበት። ሦስተኛው መስፈርት የመጣው ከመለኪያ መሣሪያዎቻችን ውስንነት ነው። የትኛውም የግፊት መለኪያ ፍጹም አይደለም፤ ከቁጥር በማይገባ ስሕተት ምክንያት ትንበያው ሙሉ በሙሉ የሚገለበጥ ከሆነ፣ መፍትሔው በወረቀት ላይ መኖሩ ለማንም አይጠቅምም።

ይህ መስፈርት ለጋዝ የሚጠይቀው ነገር በጣም ግልጽ ነው። ጋዙ ሲታመቅ ግፊቱ መጨመር አለበት። ኢንትሮፒው፣ ማለትም የኢነርጂው መበታተን መለኪያ፣ ሳይለወጥ እፍግታው በጥቂቱ ሲጨምር ግፊቱ የሚጨምርበት መጠን የድምፅ ፍጥነት ካሬ ነው፤ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አየር ውስጥ ድምፁ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ያ መጠን ከዜሮ በታች ቢሆንስ? ያን ጊዜ የድምፅ ፍጥነት የሚባል እውነተኛ ቁጥር አይኖርም፤ ሞገድም አይጓዝም፤ ትንሿ ረብሻ ባለችበት እየገዘፈች ትሄዳለች። ርዝመቷ አንድ ሚሊሜትር የሆነ ረብሻ በአንድ ፍጥነት ብታድግ፣ የአንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ረብሻ በአሥር እጥፍ፣ የአንድ መቶኛው በመቶ እጥፍ ፍጥነት ታድጋለች፤ ወደ ታች በወረድን ቁጥር ወሰን የለውም። የቫን ደር ቫልስ የጋዝ ሕግ ጋዙ ወደ ፈሳሽነት በሚለወጥበት አካባቢ እንዲህ ያለ ክፍል አለው፤ በዚያ ክልል የኦይለር እኩልታዎች በአዳማር መስፈርት ወድቀዋል።

ለተራ አየር ግን ግፊት ከእፍግታ ጋር አብሮ ይጨምራል። ቶሲዮ ካቶ በ1975 ባቀረበው አጠቃላይ ውጤት መሠረት፣ መነሻው በቂ ያህል ለስላሳ፣ ማለትም ድንገተኛ ዝላይ የሌለበት ከሆነ፣ እፍግታውም የትም ቦታ ወደ ባዶነት ካልወረደ፣ ሦስቱም መስፈርቶች ለተወሰነ ጊዜ ይሟላሉ። በሁለት ወይም በሦስት ልኬት፣ ማለትም በሜዳ ላይ ወይም በሙሉ ቦታ ውስጥ ቢሆንም ይህ ይሠራል። ችግሩ ያለው «ለተወሰነ ጊዜ» በሚለው ሐረግ ውስጥ ነው።

ፈጣኖቹ ከኋላ፣ ቀርፋፎቹ ከፊት ሆነው የተነሡበትን የጎዳና ላይ ሩጫ አስቡ። ፈጣኖቹ ይደርሱና ጎን ለጎን አልፈው ይሄዳሉ፤ በአንድ ቦታ ላይ ፈጣንም ቀርፋፋም ሯጭ በአንድ ጊዜ ሊገኝ ይችላል። ለጋዝ ይህ አይፈቀድለትም። በአንድ ነጥብና በአንድ ቅጽበት አንድ እፍግታና አንድ ፍጥነት ብቻ ነው ያለው። በድምፅ ሞገድ ውስጥ የታመቀው ክፍል ከፊቱ ካለው ይልቅ ሙቅ ስለሆነ ድምፅ በውስጡ በፍጥነት ይጓዛል፤ ጋዙ ራሱም ወደ ፊት እየሄደ ነው። ስለዚህ የሞገዱ ጀርባ ፊቱን ይደርስበታል፤ የሞገዱ ፊት እየቆመ፣ እየቆመ ሄዶ በመጨረሻ ቀጥ ያለ ገደል ይሆናል።

ይህ በማይደረስበት ሩቅ ዓለም የሚሆን ነገር እንዳይመስላችሁ አንድ ስሌት ላቅርብ። በቱቦ ውስጥ ወደ ቀኝ የሚሄድ ሞገድ አለ እንበል፤ የአየሩ ፍጥነት በአንድ ሜትር ርዝመት ውስጥ በሰከንድ ከ10 ሜትር ወደ ዜሮ በእኩል ቁልቁለት ይወርዳል። ለአየር እኩልታዎቹ በ1.2 የሚባዛ ማፋጠኛ ስለሚሰጡን፣ ገደሉ የሚፈጠረው አንድን ለ12 አካፍለን በምናገኘው ጊዜ፣ ማለትም ከ0.083 ሰከንድ ገደማ በኋላ ነው። ሞገዱ እስከዚያ የተጓዘው 29 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ትሮምቦን በኃይል ሲነፋ በቱቦው ውስጥ እንዲህ ያለ ገደል እንደሚፈጠር በ1996 በወጣ ጥናት ተለክቶ ታይቷል፤ ያ ሹል የነሐስ ድምፅ ከዚህ የሚመጣ ነው። የተራ ንግግራችን ድምፅ ግን በጣም ደካማ ስለሆነ ገደል ከመሆኑ በፊት ዝልግልግነት ያጠፋዋል።

በገደሉ ቅጽበት የካቶ ዋስትና ያበቃል። ቶማስ ሲዴሪስ በ1985 በሦስት ልኬትም ለስላሳ መፍትሔ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የግድ የሚፈርስበት ሁኔታ እንዳለ አረጋገጠ፤ ዴሜትሪዮስ ክሪስቶዱሉ በ2007 ፍርስራሹ እንዴት እንደሚፈጠር በዝርዝር አሳየ። ሌላ የመፍረሻ መንገድም አለ። መርል፣ ራፋኤል፣ ሮድኒያንስኪና ሼፍቴል በ2022 ያሳተሙት ሥራ እንደሚያሳየው፣ ከለስላሳ መነሻ የሚነሣ ጋዝ ምንም ገደል ሳይፈጠር ወደ አንድ ነጥብ ሊጠብና በዚያች ነጥብ እፍግታው ከወሰን ሊያልፍ ይችላል። እጅግ የሚያስደንቅ ሥራ ነው፤ ዛሬ ግን ወደ ገደሉ ልመለስ።

ከገደሉ በኋላ ምን እንበል? ፖይሶን በ1808 የሞገዱን መፍትሔ አግኝቶ ነበር፤ ጄምስ ቻሊስ በ1848 ያ መፍትሔ ወደ ተቃርኖ እንደሚያመራ አሳየ። በዚያው ዓመት ጆርጅ ስቶክስ ጋዙ ከገደሉ በኋላ በዝላይ ሊቀጥል እንደሚችል ሐሳብ አቀረበ፤ በአንድ በኩል አንድ እፍግታና ፍጥነት፣ በሌላው በኩል ሌላ፣ በመካከል ምንም። መጠነ ቁስና ሞመንተም በዝላዩ ላይ ተጠብቀው ነበር። ኬልቪንና ሬይሌይ ግን ኢነርጂ አልተጠበቀም ብለው ተቃወሙት። ስቶክስም ተሸነፈ፤ የተሰበሰቡ ሥራዎቹ በ1880ዎቹ ሲታተሙ ያንን ሐሳቡን ሰረዘው። ይህን የታሪክ ክፍል ባነበብኩ ቁጥር አዝናለሁ፣ ምክንያቱም ስቶክስ ትክክል ነበር። የጠፋ የመሰለው ኢነርጂ ሙቀት ሆኖ ጋዙ ውስጥ ቀርቷል፤ ይህን የሚቆጥርበት የኢነርጂ እኩልታ ብቻ ነበር በእጁ ያልነበረው።

በርንሃርድ ሪማን በ1860 ሁለት የተለያዩ የጋዝ ሁኔታዎች በአንድ ዝላይ ተለያይተው ቢነሡ ምን እንደሚሆን መረመረ። ዛሬ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ቦታውን ወደ ትንንሽ ሴሎች ከፋፍለው በየሴሉ የሚፈቱት ይህንኑ ጥያቄ ነው። እርሱም ግን በዝላዩ ላይ ኢንትሮፒ አይለወጥም ብሎ ነበር የተነሣው። ራንኪን በ1870፣ ዩጎኒዮ በ1887 ሒሳቡን አቀኑት፤ መጠነ ቁስ፣ ሞመንተምና ኢነርጂ ይጠበቃሉ፤ ኢንትሮፒ ይጨምራል። ከዚህ የሚወጣ አንድ ቁጥር ሁልጊዜ ያስገርመኛል። አየርን እንደ መደበኛ ጋዝ ከወሰድነው፣ ዝላዩ የቱንም ያህል ኃይለኛ ቢሆን፣ በአንድ ዝላይ እፍግታው ከስድስት እጥፍ በላይ ሊጨምር አይችልም። ኤርንስት ማኽና ፔተር ዛልኸር በዚያው በ1887 ባሳተሙት ፎቶግራፍ ከድምፅ የፈጠነ ጥይት ፊት የተቀመጠውን ዝላይ ለዓለም አሳዩ። መሐንዲሶች የሾክ ሞገድ የሚሉት ይህን ነው። ኃይለኛ ሲሆን በአየር ውስጥ ውፍረቱ ከሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ዝላይ ብሎ መጥራቱ ማጋነን አይደለም።

ዝላይን በመፍትሔነት ለመቀበል እኩልታዎቹን በሌላ ዓይን ማንበብ ያስፈልጋል። በየነጥቡ የለውጥ መጠን መጠየቁ ቀርቶ፣ በማንኛውም ክልል ውስጥ የገባው ከወጣው ጋር ይመዛዘናል ወይ ብለን እንጠይቃለን። ይህን ስናደርግ በሩን አስፍተን ከፈትነው፤ ያልጠራናቸውም ገቡ። የሾክ ሞገድን ሂደት ወደ ኋላ ብናስኬደው ሦስቱም የጥበቃ ሕጎች እንደተጠበቁ ይቀራሉ፤ ሙቀት ራሱን ሰብስቦ ወደ እንቅስቃሴ ይለወጣል ማለት ነው። ከአንድ መነሻ ሁለት መፍትሔ አገኘን፤ አንዱ ተፈጥሮ የማታደርገው። ስለዚህ ኢንትሮፒ መቀነስ የለበትም የሚል ሕግ ተጨመረ፤ ፒተር ላክስም በ1957 ለዚህ ዓይነት እኩልታዎች ሁሉ የሚሆን አጠቃላይ ቅርጽ ሰጠው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ጉዳዩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ይህ ሕግ ከየት መጣ? ዝልግልግነት እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ሙቀትን ወደ እንቅስቃሴ መልሶ አያውቅም። መጠኑን እያሳነስን ወደ ዜሮ ብናደርሰው እንኳ ይህ አቅጣጫ አይጠፋም። በዝልግልግነት የተሞላ እኩልታ በነበረበት ቦታ አሁን አንድ «አይቀንስም» የሚል ምልክት ቀርቷል። ያን ሁሉ የሞለኪውሎች ግጭትና ሰበቃ በአንዲት ምልክት ተክተን፣ እርሷ ብቻዋን ትክክለኛውን መፍትሔ ትመርጥልናለች ብለን ተስፋ አደረግን።

በአንድ ልኬት፣ ማለትም በቀጭን ቱቦ ውስጥ እንዳለ ጋዝ፣ ተስፋው ፍሬ አፈራ። ጄምስ ግሊም በ1965 የመነሻው ውጣ ውረድ ድምር ትንሽ እስከሆነ ድረስ ለዘለዓለም የሚቀጥል መፍትሔ እንዳለ አረጋገጠ። መፍትሔው አንድ ብቻ መሆኑንና ከመነሻው ጋር ቀስ ብሎ እንደሚለወጥ ለማሳየት ግን ሌላ ሠላሳ ዓመት ያህል ፈጀ፤ የአልቤርቶ ብሬሳንና የባልደረቦቹ ሥራ ነው። ቢያንኪኒና ብሬሳን በ2005 ለሒሳብ እንዲመች ተደርጎ የተጨመረ ዝልግልግነት ወደ ዜሮ ሲወርድ ውጤቱ ያው መፍትሔ እንደሆነ አሳዩ። የአዳማር ሦስት መስፈርቶች ከነዝላዮቹ ተሟሉ ማለት ነው። በዚህ ዘርፍ ከዚህ የሚበልጥ ድል አላውቅም።

ከቱቦው ስንወጣ ግን መሣሪያችን አብሮን አይወጣም። ግሊም የተጠቀመበት የውጣ ውረድ ድምር በሁለትና በሦስት ልኬት በቁጥጥር ሥር አይውልም፤ ጄፍሪ ራውኽ ይህን በ1986 አረጋግጦታል። ምክንያቱ ቀላል ነው። በሰፊ ቦታ ሞገዶች ከየአቅጣጫው መጥተው በአንድ ስፍራ ሊሰበሰቡ ይችላሉ፤ በተሰበሰቡበት ቦታ ድምሩ ያለ ልክ ያድጋል።

ቀጥሎ የመጣው ግን የመሣሪያ እጥረት አልነበረም። ካሚሎ ዴ ሌሊስና ላስሎ ሴኬይሂዲ በ2009 ለማይታመቅ ፈሳሽ፣ ጆን ናሽ በ1954 በጂኦሜትሪ ውስጥ ከተጠቀመበት ሐሳብ የሚወለድ ዘዴ ይዘው መጡ። ሐሳቡ እንዲህ ነው። እኩልታውን በአማካይ ብቻ የሚያሟላ ፍሰት ይያዛል፤ በላዩ ላይ አቅጣጫውን በፍጥነት የሚቀያይር ትንሽ እንቅስቃሴ ይጨመራል፤ ከዚያ ያነሰ፣ ከዚያም ያነሰ እየተባለ ያለ ማቋረጥ ይቀጥላል። በመጨረሻ እኩልታውን በትክክል የሚያሟላ ፍሰት ይገኛል። በየደረጃው የምንመርጠው ነፃ ስለሆነ የሚገኙት ፍሰቶች ቁጥር ስፍር የላቸውም።

ኤሊዛቤታ ኪዮዳሮሊ፣ ዴ ሌሊስና ኦንድሬ ክሬምል በ2015 ባሳተሙት ጽሑፍ ዘዴውን ሊታመቅ ወደሚችል ጋዝ አመጡት። መነሻው ለተማሪ የሚሰጥ ዓይነት ነው፤ ሜዳው በአንድ መስመር ለሁለት ይከፈላል፤ በእያንዳንዱ ግማሽ እፍግታውም ፍጥነቱም የማይለዋወጥ ነው፤ ግፊቱ የእፍግታው ካሬ ነው። ከዚህ መነሻ በሁለት ልኬት ቁጥር ስፍር የሌላቸው መፍትሔዎች ይወጣሉ። ሁሉም ላክስ የጠየቀውን ያሟላሉ፤ ኢነርጂ ከምንም አይፈጥሩም። የሚለያዩት ከመስመሩ በሚነሣ ሽብልቅ ውስጥ ባለው ያልተገራ መርገብገብ ነው። ከዚህም በላይ፣ ዝላይ ከሌለበት መነሻ፣ ገና በመቆም ላይ ካለ የሞገድ ፊት ተነሥተው፣ ገደሉ ከተፈጠረ በኋላ ወደ ቁጥር ስፍር የሌላቸው መፍትሔዎች የሚበተኑ እንዳሉ አሳይተዋል። የአዳማር ሁለተኛ መስፈርት፣ ከነኢንትሮፒ ሕጉ፣ ወደቀ።

አንዳንድ ሰዎች እነዚህን መፍትሔዎች የሒሳብ ጉድ ብለው ያልፏቸዋል። በዚህ አልስማማም። በርግጥ ማንም በቤተ ሙከራ ውስጥ እንዲህ ያለውን ፍሰት ለይቶ አላየም። ነገር ግን አንድ መመዘኛ ትክክለኛውንም የተሳሳተውንም እኩል ካሳለፈ፣ የምንመረምረው መመዘኛውን ነው። ሁለተኛው ምክንያቴ ደግሞ ተፈጥሮ ራሷ ወደዚያ አቅጣጫ መጠቆሟ ነው።

ሁለት የአየር ንብርብሮች አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተቱ ሲሄዱ በመካከላቸው ያለው ወለል ይታጠፋል፤ ይጠቀለላል፤ አዙሪት በአዙሪት ላይ ይወልዳል። ለማይታመቅ ፈሳሽ ይህ ወለል ቀደም ብዬ ያነሣሁት በሽታ አለበት፤ ረብሻው ባጠረ ቁጥር ዕድገቱ ያለ ወሰን ይፈጥናል። ሊታመቅ በሚችል ጋዝ ግን ያልተጠበቀ ነገር አለ። ጆን ማይልስ በ1958 እንዳሳየው፣ በሁለት ልኬት የሁለቱ ንብርብሮች የፍጥነት ልዩነት ከድምፅ ፍጥነት 2.83 እጥፍ ሲበልጥ ይህ አደገኛ ዕድገት ይቆማል፤ በተራ አየር ይህ በሰከንድ 970 ሜትር ያህል ማለት ነው። ኩሎምቤልና ሴኪ በ2000ዎቹ ይህ መረጋጋት በሙሉው እኩልታም ለአጭር ጊዜ እንደሚጸና አረጋገጡ። ወደ ሦስት ልኬት ስንሻገር ግን ጥበቃው ይጠፋል፤ ከፍሰቱ አቅጣጫ ዘመም ብሎ የሚሄድ ረብሻ የሚሰማው የፍጥነቱን ልዩነት ከፊሉን ብቻ ነው፤ በበቂ ከዘመመ ያ ከፊል ከ2.83 እጥፍ በታች ይወርዳል።

ይህን ወለል በኮምፒውተር ስናሰላ የሚሆነውን ፊዮርድሆልም፣ ኬፔሊ፣ ሚሽራና ታድሞር በ2010ዎቹ በጥንቃቄ መርምረውታል። ስሌቱ የሚካሄድበትን የነጥቦች ፍርግርግ ባደቀቁት ቁጥር አዳዲስ አዙሪቶች ብቅ ይላሉ፤ ሥዕሉ ወደ አንድ ቅርጽ አይረጋም። በጥቂት በጥቂት የተለያዩ ብዙ መነሻዎችን ወስደው አማካዩንና ስርጭቱን ሲያሰሉ ግን እነዚያ ይረጋሉ። ይህ ለሁላችንም የሥራ ጉዳይ ነው። የአየር ፍሰትን በኮምፒውተር የምታሰሉ መሐንዲሶች፣ ከስክሪኑ ላይ አንድ ውብ የአዙሪት ሥዕል አንሥታችሁ በሪፖርት ላይ ከማስቀመጣችሁ በፊት ፍርግርጉን በእጥፍ አድቅቃችሁ ደግማችሁ አስሉ። የሾክ ሞገዱ ቦታ ብዙውን ጊዜ ሳይነቃነቅ ይቀራል፤ አዙሪቶቹ ቦታቸውን ይቀያየራሉ። የመጀመሪያውን እመኑ፤ ለሁለተኛው አማካይ ፈልጉ።

ታዲያ መመዘኛውን በምን እንተካው? እኔን የሚያሳምነኝ መንገድ የተተወችውን ነገር፣ ዝልግልግነትን፣ መልሶ ማምጣት ነው፤ ምልክቷን ሳይሆን ራሷን። መፍትሔ ብለን የምንቀበለው፣ እውነተኛ ዝልግልግነት ያላቸው የናቪየርና የስቶክስ እኩልታዎች መፍትሔዎች ዝልግልግነቱ ወደ ዜሮ ሲወርድ የሚደርሱበትን ብቻ ይሁን። ሙን ጂን ካንግና አሌክሲስ ቫሴር በ2021 በዚህ መንገድ ትልቅ እርምጃ ተራምደዋል። በአንድ ልኬት፣ ኢንትሮፒው እንደማይለወጥ በሚወሰድ ጋዝ ውስጥ፣ የሾክ ሞገድ እንዲህ ባሉ ወሰኖች መካከል ብቸኛና የተረጋጋ መሆኑን አረጋግጠዋል። ረብሻው ትንሽ እንዲሆን አልጠየቁም።

ቀጣዩ ፈተና የኪዮዳሮሊና የባልደረቦቿ መነሻ ነው፤ በአንድ መስመር የተከፈለው ሜዳ። በመስመሩ ላይ ጋዙ የሚጋጭ ብቻ ሳይሆን የሚንሸራተትም ሲሆን፣ ዝልግልግነቱን እያሳነስን ብንሄድ ከእነዚያ ቁጥር ስፍር ከሌላቸው መፍትሔዎች ወደ የትኛው እንደርሳለን? ወደ አንዱ ብቻ ከሆነ፣ የኢንትሮፒው ሕግ በበለጠ ጥብቅ መመዘኛ ይተካል፤ ኦይለር የጻፈው ጥያቄም በወጉ የቀረበ ሆኖ ይገኛል። ዝልግልግነቱ በሚወርድበት መንገድ ላይ የሚመሠረት ከሆነ ደግሞ ከእኩልታዎቹ የምንጠይቀው አንድን ፍሰት መሆኑ ይቀርና የፍሰቶችን ስርጭት ይሆናል፤ የአዳማር ሦስት መስፈርቶችም ለዚያ ስርጭት እንደገና መጻፍ አለባቸው። በዚህ አዳራሽ ካላችሁ ተማሪዎች መካከል የምርምር ርእስ የሚፈልግ ካለ፣ እኔ የምጠቁመው ይህንን ነው።